ባቡር የሚያድርባት ከተማ

በድሮው ምድር ባቡር ከጅቡቲ የተነሳ መንገደኛ አዲስ አበባ እስኪገባ ሦስት ቀን ይፈጅበት ነበር። የመጀመሪያው ቀን ጉዞ ድሬዳዋ ላይ ያበቃል፤ የሁለተኛው አዋሽ ላይ፤ በሦስተኛው ቀን ለገሀር ይወርዳል። መሀል ላይ ያሉት ሁለት ሌሊቶች የማረፊያ ነበሩ፤ የዘወትሩ ባቡር በጨለማ አይሄድምና። ሐዲዱ አጥር አልነበረውም። ግመሉና ከብቱ እንዳሻው ያቋርጠዋል። በደጋው ዝናብ ሲጥል ቀን ደረቅ የነበረው ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ይመጣና የሐዲዱን መሠረት ጠርጎት ይሄዳል። የእንፋሎት ባቡር ነጂ ደግሞ ከፊቱ መንገድ መኖሩን በፋኖስ ብርሃን አይቶ በጊዜ ሊያቆም አይችልም። ስለዚህ ፀሐይ ስትጠልቅ ባቡሩ ይቆማል፤ ሰውም ይወርዳል፤ የሚበላና የሚተኛበት ይፈልጋል።

ድሬዳዋ ከማሳደር ሌላ ብዙ ሥራ ነበራት፤ ጉምሩኩም፣ የጥገናው ወርክሾፕም፣ ወደ ሐረር የሚወስደው መንገድም እዚያ ነው። አዋሽ ሰባት ኪሎ ግን ስትቆረቆር ከማሳደር የተለየ ብዙ ምክንያት አልነበራትም። እንግዳ የምታሳድር ጣቢያ ነበረች። ስለ ባቡር ቅርስ ሲወራ ንግግሩ ሁልጊዜ ከለገሀሩ ትልቅ ሕንፃ ተነስቶ እዚያው ያልቃል፤ ቢበዛ ድሬዳዋ ይደርሳል። እኔ በዚህ ምዕራፍ አንዲቱን ትንሽ ጣቢያ ይዤ ልቆይ የፈለግሁት፣ የባቡር ጣቢያ ምን እንደሆነና እንዴት ተጠብቆ ሊቆይ እንደሚችል ከትልቁ ይልቅ ትንሹ አጥርቶ ስለሚያሳይ ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። አፄ ምኒልክ የባቡር መሥመር የመዘርጋቱን ፈቃድ ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ፈቃዱ ለ99 ዓመት የሚጸና ሲሆን መሥመሩን በሦስት ይከፍለዋል፤ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦ ደግሞ ከፋን አልፎ እስከ ነጭ ዓባይ። ሦስተኛው ክፍል ከወረቀት አልወረደም። ኢልግና የሥራ አጋሩ ፈረንሳዊው ሊዮን ሼፍኑ ያቋቋሙት ኩባንያ ቁፋሮውን በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ጀመረ። የሐረርን ተራራ መውጣት ከአቅም በላይ ሆኖ ስለተገኘ መሥመሩ በቆላው በኩል ዞረ፤ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ ከተማዋም ከሐዲዱ ጋር አብራ ተወለደች። እዚያ ላይ ገንዘቡ አለቀ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት የባቡሩ ሳይሆን የፖለቲካው ናቸው። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን መሥመሩ በማን እጅ ይሁን በሚለው ሲሻኮቱ፣ ምኒልክም ባቡሩ የባዕድ መግቢያ እንዳይሆን ሲጠነቀቁ፣ ኩባንያው ከሰረ። በጥር 1900 ዓ.ም. አዲስ ፈቃድ የተሰጠው የንጉሠ ነገሥቱ ሐኪም ለነበሩት፣ ትውልዳቸው ከጓዴሎፕ ለሆነው ለዶክተር ዮሴፍ ቪታሊያን ነው። በዚህ ፈቃድ ላይ የቆመው የፍራንኮ ኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኩባንያ ሥራውን ከድሬዳዋ ቀጠለ፤ የአዋሽን ገደል ተሻግሮ በ1907 አቃቂ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። በቅፍለት አንድ ወር ተኩል ይወስድ የነበረው መንገድ ሦስት ቀን ሆነ። መሥመሩ በጠቅላላው 784 ኪሎ ሜትር ነበር።

አሁን ወደ አዋሽ። ማረፊያው ለምን እዚያ ሆነ? አንዱ መልስ የቀን ጉዞ ልክ ነው፤ ከድሬዳዋ ጠዋት የተነሳ ባቡር ሲመሽ የሚደርሰው እዚያ አካባቢ ነው። ግን ሌሎችም አሉ። የእንፋሎት ባቡር እንጨት ወይም ከሰል ብቻ አይበላም፤ ውሃ ይጠጣል፤ ብዙ ውሃ። ከጅቡቲ ጀምሮ መንገዱ ሁሉ በረሃ ስለሆነ ውሃ ትልቁ የኩባንያው ራስ ምታት ነበር። አዋሽ ደግሞ በጋ ከክረምት የማይደርቅ ወንዝ ነው። ሦስተኛው ምክንያት ከፊት ያለው ዳገት ነው። አዋሽ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,000 ሜትር ግድም ሲሆን አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ ነው። በማግስቱ ባቡሩ ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ሊወጣ ነው። ስለዚህ ማታ እሳቱ ይጠረጋል፣ መገጣጠሚያው ይቀባል፣ ፉርጎው ይፈተሻል፤ ማለዳ ውሃው ሞልቶ፣ እንፋሎቱ ተጠራቅሞ ይነሳል። መንገደኛው ያረፈ ይመስለዋል እንጂ በዚያች ሌሊት ጣቢያው አይተኛም ነበር።

የመሥመሩን አሠራርም ጠጋ ብሎ ማየት ይገባል። ሁለቱ ሐዲዶች የተራራቁት ልክ አንድ ሜትር ነው። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር የሚሄድበት ሐዲድ ስፋቱ 1.435 ሜትር ስለሆነ አንዱ ባቡር በሌላው ላይ ከቶ አይሄድም። ጠባብ ሐዲድ ማለት ርካሽ ሐዲድ ማለት ነው፤ ጠበብ ያለ መደብ ይበቃዋል፣ ተራራ ሲያጋጥመው ከመቦርቦር ይልቅ ተጠማዝዞ ያልፋል። ከሥሩ ያለው አግዳሚ እንጨት አይደለም፤ ብረት ነው። ምስጥ እንጨትን በጥቂት ዓመታት ውስጥ አፈር የሚያደርግበት አገር ስለሆነ፣ መሐንዲሶቹ ገንዳ መሳይ ብረት ገልብጠው ጠጠሩ ውስጥ ቀበሩት። ሆዱ ጠጠሩን አቅፎ ይይዛል፣ ጀርባው ላይ ሐዲዱ በብሎን ይታሰራል። በድሮው መሥመር ላይ ሐዲዱ ተነቅሎ በሄደበት ቦታ እንኳ እነዚህ ብረቶች አጥርና የበር ደጃፍ መሸጋገሪያ ሆነው ዛሬም ያገለግላሉ። ሕዝቡ ባቡሩን ቤቱ ይዞት ገብቷል።

በአዋሽ ጣቢያ ግቢ ውስጥ ሰው የሚያውቀው ግን ቡፌውን ነው። «ቡፌ ደ አዋሽ» ይባላል፤ ከመሳፈሪያው ጥቂት እርምጃ ርቆ፣ ፊቱን ወደ ሐዲዱ አድርጎ፣ ጥላ የሚጥል በረንዳ ያለው ዝቅ ያለ ቤት ነው። ቡጋንቪሊያው ግቢውን ያለብሰዋል። አሠራሩን ልብ ብሎ ላየ ሰው ሙያ አለው። የቆላው ፀሐይ ግድግዳውን በቀጥታ እንዳይመታው በረንዳው ይከላከላል፤ መኝታ ክፍሎቹ በረንዳው ላይ ስለሚከፈቱ ማታ የሚነፍሰው ንፋስ ይገባቸዋል። ከባቡር የወረደ መንገደኛ አቧራውን አራግፎ እራት የሚቀርብለት እዚያ ነው። ለብዙ ዓመታት ያስተዳድሩት የግሪክ ተወላጆች ነበሩ። ይህም ድንገት የሆነ አይደለም፤ መሥመሩ ሲሠራ በሠራተኛነትም በነጋዴነትም የመጡ ግሪኮችና አርመኖች በየጣቢያው ሱቅና ምግብ ቤት ከፍተው ቀርተዋል። ለ1923ቱ የአፄ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል የመጡት የውጭ አገር እንግዶችና ጋዜጠኞች አብዛኞቹ በዚህ መሥመር ነው ያለፉት፤ እንግሊዛዊው ደራሲ ኤቭሊን ዎ አንዱ ነበር።

ሁሉም ማዕርግ አንድ ዓይነት አዳር አላደረም። ከፍ ያለ ትኬት የቆረጠው አንሶላ ላይ ሲተኛ፣ የሦስተኛው ማዕርግ መንገደኛ ጋቢውን ተከናንቦ ዕቃው ላይ ጋደም ይላል። ትንሿን ከተማ የሠራት እንደ እኔ እምነት ይህ ሁለተኛው መንገደኛ ነው። አንሶላ የማይገዛው ሰው ሻይና እንጀራ ይገዛል፤ ሻይ የምታፈላዋ ሴት ጎጆ ትቀልሳለች፤ ከጎጆዋ አጠገብ ሌላ ጎጆ ይቆማል። አፋሩና ከረዩው ወተቱንና ፍየሉን ይዞ ወደ ባቡሩ መስኮት ይመጣል። የአዋሽን ታሪክ በድንጋዩ ሕንፃ ብቻ የሚጽፍ ሰው ግማሹን ይተወዋል፤ የድንጋዩ ሕንፃ የቀረው ድንጋይ ስለሆነ ነው፣ ጎጆዎቹ ግን ፎቶግራፍ እንኳ ሳይነሱ ፈርሰዋል።

በመሥመሩ ላይ ከባድ ቀኖችም አልፈዋል። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ አገር ለቀው ወደ ጅቡቲ ሲወርዱ የተሳፈሩት በዚሁ መሥመር ነው። በ1933 የጣሊያን ጦር ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ በአዋሽ ገደል ላይ ያሉትን ድልድዮች፣ የባቡሩንም የመኪናውንም፣ አፍርሶ ሄደ። በ1969 በሶማሌ ጦርነት በመሥመሩ ላይ ያሉ ድልድዮች በፈንጂ ፈረሱ፣ አገልግሎቱም ተቋረጠ። ከሁሉ የከፋው ግን የጠላት ሥራ አልነበረም። በጥር 1977 ዓ.ም. አንድ የመንገደኞች ባቡር በአዋሽ አቅራቢያ ጥምዝ ያለ ድልድይ ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ገብቶ ከሐዲዱ ወጣ፤ ፉርጎዎቹ ገደል ገቡ። ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ። በአፍሪካ ምድር ከደረሱት የባቡር አደጋዎች እጅግ ከከፉት አንዱ ነው። ዘመኑ የረሃብ ዘመን ስለነበረ ሐዘኑ በሌላው ሐዘን ተዋጠ። የአዋሽን ጣቢያ እንጠብቅ ስንል የእነዚህን ሰዎች መታሰቢያ አብረን ማለታችን ነው፤ ጣቢያው የቡጋንቪሊያና የበረንዳ ትዝታ ብቻ ከሆነ የሞቱት ሁለተኛ ይረሳሉ።

መሥመሩ እንዴት እንደ ደከመ በአጭሩ ልናገር። ቀላሉና ጠባቡ ሐዲድ ከባድ ጭነት አይሸከምም፤ ጥምዝማዛው ፍጥነት ይከለክላል፤ መለዋወጫው ከፈረንሳይ ነው። ጅቡቲ በ1969 ነጻ ከወጣች በኋላ ኩባንያው የሁለት መንግሥታት የጋራ ንብረት ሆነ፤ አንዱ ሲፈቅድ ሌላው እየዘገየ ጥገናው ተንጓተተ። በዚህ መሀል አስፋልቱ መጣ። በ1990 የኢትዮጵያ ጭነት ሁሉ ከአሰብ ወደ ጅቡቲ ሲዞር ባቡሩ ሊሸከመው የሚችል አቅም አልነበረውም፤ የጫነው ከባድ መኪናው ነው። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ያለው ጉዞ ቆመ።

አዋሽ ግን አልሞተችም፤ ለዚህ ምዕራፍ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ወደ ሚሌና ጅቡቲ የሚሄደው የመኪና መንገድ የሚገነጠለው በእሷ በኩል ነው። የባቡሩን ነጂ ያሳደረው ሌሊት አሁን የከባድ መኪናውን ሾፌር ያሳድራል። የፍየል ጥብሱ፣ አልጋው፣ ሻይ ቤቱ ቀጠለ። ቡፌውም ባቡሩ ከቀረ በኋላ እንግዳ መቀበሉን አልተወም፤ የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ጎብኚዎችና መንገደኞች ያርፉበታል። ከመቶ ዓመት በፊት የተሠራው ቤት ጣሪያው ሳይዘነጠል የቆየው ማንም ቅርስ ብሎ አጥር ስላጠረለት አይደለም። በየወሩ ገቢ ያመጣ ስለነበር ቀዳዳ ሲኖር ይደፈን ነበር። በዚያው መሥመር ላይ ያሉ ሌሎች ትናንሽ ጣቢያዎች ግን ባቡሩ ካቆመ በኋላ የሚሠራባቸው ማንም አልነበረም። ቤት ሰው ካልገባበት ምን እንደሚሆን እያንዳንዳችን እናውቃለን።

ስለዚህ ቅርስ ጥበቃ ሲባል መጀመሪያ የምጠይቀው «ይህ ቤት ነገ ለማን ይጠቅማል?» የሚለውን ነው። ቡፌው መልስ አለው። ከጎኑ ያሉት የትኬቱ መስኮት፣ የመሳፈሪያው መደብ፣ የውሃ ጋኑ፣ ሐዲዱ ራሱ ግን መልስ የላቸውም፤ የሚያሰጋኝም ይኸው ነው። ቡፌው ብቻውን ቢቀር አንድ ያረጀ ሆቴል ይሆናል እንጂ ጣቢያ አይሆንም። ለምን እዚያ እንደ ተሠራ፣ በረንዳው ለምን ወደዚያ እንደ ዞረ የሚነግረው ከፊቱ ያለው ሐዲድ ነው። ከጣቢያው ግቢ ሐዲዱ ከተነቀለ ታሪኩ የሚነበብበት መስመር ተፋቀ ማለት ነው። ሐዲድ ብረት ነው፤ የብረት ገዢ ደግሞ በየከተማው አለ፤ በድሮው መሥመር ላይ ተነቅሎ የተወሰደው ብዙ ነው። በአዋሽ መሳፈሪያ ፊት ያለውን ጥቂት መቶ ሜትር ለይቶ በሕግ ማስከበር ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

ሕጉ አለ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ለቅርስ የሚሰጠው ትርጉም ቤተ ክርስቲያንና መስጊድን፣ ቤተ መንግሥትንና ሐውልትን ብቻ አይደለም የሚያቅፈው፤ የሰው የፈጠራ ችሎታና የድካም ውጤት የሆነ ሁሉ ይገባበታል። የተመዘገበ ቅርስ ያለ ፈቃድ ሊጠገንም ሊለወጥም እንደማይችል ይደነግጋል። ችግሩ በአእምሯችን ውስጥ ቅርስ ማለት የነገሥታትና የካህናት ሥራ መሆኑ ነው። ሠራተኛው ያነጠፈው ሐዲድ፣ አንጥረኛው ያጋለው ብሎን ቅርስ ነው ብለን ለመመዝገብ እጃችን ይከብዳል። የመሥመሩ ንብረት የሁለት አገር መሆኑ ሲጨመርበት ጉዳዩ ከቢሮ ቢሮ ይንከራተታል።

ጥገናውም ሙያ ይፈልጋል። የዚያ ዘመን የድንጋይ ግንብ ብዙውን ጊዜ የተያያዘው በኖራ ነው። ኖራ እርጥበት ያስወጣል፤ ግንቡ ትንሽ ሲንቀሳቀስ አብሮ ይታጠፋል። ባለንብረቱ በቅን ልቦና በሲሚንቶ ሲለስነውና ዘይት ቀለም ሲቀባው እርጥበቱ ውስጥ ይታፈናል፤ ከጥቂት ክረምት በኋላ ልስኑ ከነድንጋዩ ገጽ ተላቆ ይወርዳል። «ታደሰ» የተባለ ስንት የድንጋይ ቤት በዚህ መንገድ እንደ ተጎዳ ዙሪያችንን ማየት ይበቃል። ለአዋሽ ይህ ጥንቃቄ ከሌላው ቦታ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ከተማዋ ያለችው በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች ዙሪያ መሬት ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ በአካባቢው ያሉ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተነስተዋል። እንዲህ ባለ ምድር ላይ ያለ አሮጌ ግንብ ነገ መኖሩ አይታወቅም። ስለሆነም ከማደስ በፊት መለካት ይቀድማል፤ እያንዳንዱ ግድግዳ፣ መስኮት፣ የጣሪያ ማገር በስፋትና በቁመት ተለክቶ ይነሳ፣ ፎቶግራፉም ይያዝ። ግንቡ ቢፈርስ እንኳ ልኩ በእጅ ይገኛል።

አዲሱ ባቡር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ወደ 750 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ በኤሌክትሪክ ይሄዳል። በአዋሽም አዲስ ጣቢያ አለው፤ ወደ ኮምቦልቻና ሐራ ገበያ የሚዘረጋው ሌላው መሥመር የሚነሳውም ከአዋሽ ነው። አሮጌው ጣቢያ መሀል ከተማ ገብቶ ሲቆም የአዲሱ መሥመር ጣቢያዎች ከከተሞች ወጣ ብለው ነው የተሠሩት። ጭነት ለማመላለስ ይህ ትክክል ሊሆን ይችላል። ለትንሽ ከተማ ግን ባቡሩ ማለፉ ብቻውን አይጠቅማትም፤ መንገደኛው ሲወርድ ነው የምትጠቀመው። አሮጌው ጣቢያ ለአዲሱ ባቡር መንገደኛ የከተማው መግቢያ ቢሆን፣ አውቶቡሱ ከአዲሱ ጣቢያ ሰው አምጥቶ የሚያወርደው በአሮጌው መሳፈሪያ ላይ ቢሆን፣ የትኬቱ መስኮት እንደገና ሥራ ያገኛል። የእኔ አቋም ይህ ነው፤ ሙዚየም ብቻ ሆኖ ተቆልፎ ከሚቀመጥ መለስተኛ ሥራ ያለው ጣቢያ ዕድሜው ይረዝማል።

የሚቻል መሆኑን ጎረቤት አገር አይተነዋል። ከምጽዋ አስመራ ያለው 118 ኪሎ ሜትር መሥመር ጣሊያኖች የሠሩት ሲሆን ከ1960ዎቹ በኋላ በጦርነቱ ተነቃቅሎ ሐዲዱ የምሽግ ጣሪያ ሆኖ ነበር። ኤርትራ ነጻ ከወጣች በኋላ መንግሥቷ የውጭ ኩባንያ ሳይቀጥር ጡረታ የወጡትን የባቡር ሠራተኞች ጠራቸው። ስድሳውንና ሰባውን ያለፉ ሰዎች ሐዲዱን ከየምሽጉ ሰብስበው፣ በ1930ዎቹ ዓመተ ምሕረት ግድም የተሠሩትን የእንፋሎት ባቡሮች ፈትተው ገጣጥመው፣ ወጣቶችን ጎናቸው አድርገው አስተማሩ። በ1995 ዓ.ም. ባቡሩ አስመራ ደርሶ ነበር። ያ ሥራ የተቻለው ገንዘቡ ስለበዛ አይደለም፤ እጃቸው የሚያውቅ ሰዎች በሕይወት እያሉ ስለተጀመረ ነው።

በእኛ መሥመር ላይ የዚህ ዓይነት ሰዎች የሚበዙት ድሬዳዋ ነው። ወርክሾፑ ከነማሽኖቹና ከነአሮጌ ባቡሮቹ አለ፤ ጎብኚም ይገባበታል። የምድር ባቡር የሥራ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ስለነበር የጣቢያዎቹ መዝገብ፣ የጥገናው ማስታወሻ፣ የመለዋወጫው ስም ሁሉ በፈረንሳይኛ ነው። አንድ የአዋሽ ጣቢያ መዝገብ ቢገኝ ታሪክ ተመራማሪው ቃሉን ያነብበው ይሆናል፤ የትኛው ብሎን፣ የትኛው ቫልቭ እንደሆነ ግን አያውቅም። ያንን የሚያውቀው በዚያ ቃል ሠላሳ ዓመት ሲያዝዝና ሲታዘዝ የኖረው ጡረተኛ ነው። እነዚህን ሰዎች በአበል ጠርቶ፣ ከመዝገቡ ፊት አስቀምጦ፣ የሚሉትን መቅዳትና ወጣት መካኒኮችን አጠገባቸው ማስቀመጥ ለሁለቱ መንግሥታትም ሆነ ለአንድ ዩኒቨርሲቲ የሚከብድ ወጪ አይደለም። ሥራው ከአዋሽ ቢጀመር ደግሞ አንድ ጥቅም አለው። ጣቢያው ትንሽ ነው፤ በአንድ በጋ ተለክቶ፣ ተመዝግቦ፣ ሠራተኞቹም ተጠይቀው ሊያልቅ ይችላል። ከዚያ በተገኘው ልምድ ወደ መተሐራ፣ ወደ ሚኤሶ፣ ወደ ኤረር መሄድ ይቻላል።